ኮማ፦ የድምፅ ቅንጣት

ኮማ በሙዚቃ ቅኝት ውስጥ በሁለት እጅግ ተቀራራቢ ድምፆች መካከል ያለ ጠባብ ርቀት ነው። በፓይታጎራስ ስም የሚጠራው ኮማ ከስሌት ይመነጫል። የአምስተኛው ድምፅ ርቀት ምጣኔ 3/2፣ የኦክታቭ ደግሞ 2 ነው። 3/2 እርስ በርሱ 12 ጊዜ ሲባዛ 129.75 ገደማ ይሆናል፤ 2 ግን 7 ጊዜ ሲባዛ 128 ላይ ይቆማል። የሚገናኙ የሚመስሉት ሁለት መንገዶች የግማሽ ድምፅ ሩብ ገደማ በሚሆን ልዩነት ይተላለፋሉ፤ ኮማው ይህ ልዩነት ነው። ፒያኖ ይህችን ትርፍ በ12ቱ የአምስተኛ ርቀቶች ላይ አከፋፍሎ ይደብቃታል፤ የቁልፎቹም ድምፅ በጨዋታ መሃል አይቀያየርም።

ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻ አካባቢ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች ያለ መሣሪያ በኅብረት ሲያዜሙ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ አያስራቸውም። በልዩ ልዩ ድምፅ የሚገቡት ዘፋኞች እርስ በርስ እየተደማመጡ ድምፃቸውን በቅንጣት ከፍና ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። ይህን ድንቅ ጥበብ በፒያኖ ልክ መዝኖ «ቅኝቱን ስቷል» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።