«አርባ ከመቶ» ማን ለካው? በአካባቢ ሳይንስ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ የቀረበ ትችት

በአገራችን በአካባቢ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የሚማር ተማሪ በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃል። ርእሱ የአፈር መሸርሸርም ይሁን የውሃ መበከል፣ የመግቢያው አነጋገር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ይኸውም በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ምድር 40 ከመቶው በደን ተሸፍኖ ነበር፤ ዛሬ የቀረው 3 ከመቶ ያህል ብቻ ነው የሚል ነው። ተማሪው ይህን ዐረፍተ ነገር ከትምህርት ቤት ጀምሮ በቃሉ ስለያዘው፣ «ማን ለካው?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ አቅርቦ መልሱ ስለ ትምህርታችን ምን እንደሚያስረዳ መመርመር ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቍጥሩን እንመልከት። በ1900 ገደማ የአገሪቱን ደን በሙሉ የለካ አልነበረም። የአውሮፕላን ፎቶግራፍ ገና አልተጀመረም። መንገደኞች የጻፉት ማስታወሻ ቢኖርም፣ መንገደኛ በመንገዱ ያየውን ይጽፋል እንጂ የአገርን ስፋት በመቶኛ አይሰፍርም። የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተመው ጥናት፣ ይህ አባባል በልኬት የተደገፈ ሳይሆን ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ ሲተላለፍ የኖረ መሆኑን አሳይቷል። የመነሻው ዘመን እንኳ አንድ አይደለም። አንዳንዶች ደኑ የጠፋው በመቶ ዓመት ውስጥ ነው ይላሉ፤ አሜሪካዊው አል ጎር በ1992 ባወጣው መጽሐፍ ግን ያው 40 ከመቶ በአራት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ 1 ከመቶ ወርዷል። ምንጩ የልኬት ሰነድ ቢሆን ኖሮ ዘመኑ እንዲህ ባልተንሸራተተ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የምድሪቱ የራሷ ምስክርነት ነው። ዳርቢሻየር፣ ላምና መሐመድ ኡመር የተባሉት ተመራማሪዎች በወሎ ከሐይቅና ከሐርዲቦ ሐይቆች ወለል ደለል አውጥተው፣ በውስጡ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ መርምረው ውጤቱን በ2003 አሳተሙ። እንደ ጥናታቸው ከሆነ የጥንቱ ደን የተመነጠረው ከ2,500 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። ከዚያም ለብዙ መቶ ዓመታት ቍጥቋጦና ሣር ቦታውን ያዙ። በ1400 እና በ1700 መካከል የጥድ ደን እንደገና ተስፋፋ፤ ኋላም ተመልሶ ተመነጠረ። እንግዲህ ታሪኩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወርድ ቍልቍለት አይደለም።

እንዲሁም በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሣቸው ፎቶግራፎች አሉ። ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመታት በኋላ ከነዚያው ቦታዎች ላይ ቆመው እንደገና ፎቶግራፍ አነሡ። በ2009 በታተመው ጥናታቸው፣ በብዙዎቹ ቦታዎች የዛፉና የቍጥቋጦው ብዛት ከ1868ቱ በልጦ መገኘቱን ገለጹ። ለዚህም ገበሬው የተከለው ባሕር ዛፍና ከከብት የተከለሉት ተራሮች ድርሻ አላቸው።

ይህን ስንል ደን አልጠፋም ማለታችን አይደለም። በከፋ፣ በሸካና በባሌ የተፈጥሮ ደን ለእርሻና ለሌላ ጥቅም ሲመነጠር ኖሯል፤ ይህም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የምንነቅፈው ወሎንና ከፋን በአንድ ቍጥር የሚያጠቃልለውን አነጋገር ነው። በአንዱ ቦታ ምንጣሮው ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጀመረ ነው፤ በሌላው ግን በዘመናችን የሚታይ ነው። መድኃኒቱም እንደዚሁ የተለያየ መሆን ይገባዋል።

ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። አላን ሆበን በ1995 እንዳስረዳው፣ ከ1974 በኋላ በምግብ እርዳታ የተካሄደው ሰፊ የእርከንና የደን ተከላ ሥራ ምድሪቱን ያጠፋው የገበሬው አያያዝ ነው በሚል እምነት ላይ የተመሠረተ ነበር። ባለመሬቱ ሳይጠየቅ ተራራው ተከለለ፤ ዛፉም ተተከለ። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ዛፉ ተቈረጠ፤ እርከኑም ፈረሰ። ገበሬው የራሱ ነው ብሎ ያልተቀበለውን ነገር የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረውም። እኛም ተመርቀን በየወረዳው የምንቀጠረው ይህንኑ ገበሬ ልናማክር መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሦስተኛው ጕዳይ የቃሉ ትርጕም ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ደን የሚለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 5 ሜትር ቁመትና 10 ከመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለውን ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ባቀረበችው ሰነድ ቁመቱን ወደ 2 ሜትር ዝቅ፣ ሽፋኑን ወደ 20 ከመቶ ከፍ አደረገች። ቆላማው ደን በቁመቱ ማነስ ከቍጥር እንዳይወጣ ስለ ተፈለገ ነው። በዚህ መስፈሪያ የ2013 የደን ሽፋን 15.5 ከመቶ ሆነ። አሁን አንድ ተማሪ የቀድሞውን 3 ከመቶ ከዚህ ጋር ቢያነጻጽር፣ አንድ ችግኝ ሳይተከል ደኑ በአምስት እጥፍ አደገ ብሎ ይጽፋል። ሁለቱን ቍጥሮች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ማብራሪያ ማስቀመጥ እንግዲህ ከባድ ጕድለት ነው።

የነገሩ ሥር ከአሠራራችን የመነጨ ይመስለናል። መምህራን የናሙና አወሳሰዱንና ስሌቱን በጥብቅ ያርማሉ፤ መግቢያውን ግን እንደ ልማድ ቈጥረው ያልፉታል። ተማሪውም የላቦራቶሪውን ቍጥር እየተጠራጠረ የመግቢያውን ቍጥር ያምናል። ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ በመግቢያ የሚገባ ማንኛውም ቍጥር መጀመሪያ እስከ ለካው ሰው ድረስ ይፈለግ፤ ለካው የተባለ ካልተገኘ ይቅር። ሁለተኛ፤ ደን፣ ምድረ በዳነት፣ መራቈት የሚሉት ቃላት ከነመስፈሪያቸው ይተርጐሙ። ሦስተኛ፤ ስለ አንድ ወረዳ የሚጽፍ ተማሪ የዚያን ወረዳ የቀድሞ መልክ ከማስረጃ ይፈልግ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሡ የአየር ፎቶግራፎች አዲስ አበባ ተገኝተው ለጥናት ውለዋል፤ በየአገሩም የቀድሞውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አልጠፉም።

ይህ ሲደረግ አንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ከአንድ ቀበሌ አልፎ ለመናገር አይደፍር ይሆናል። እኛ ግን ስለ አንድ ቀበሌ በማስረጃ የተጻፈውን ስለ አገር በሙሉ ከተደገመው እናስበልጣለን። በዚህ የማይስማማ አንባቢ ቢኖር መልሱን በዚሁ መጽሔት እንዲያወጣ እንጋብዛለን።