አራቱ የዝምታ ደቂቃዎች

በመካከለኛ ሞገድ ራዲዮ ያዳመጠ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የአቅጣጫ ፍለጋን ሀሁ ቆጥሯል። ጣቢያው ሲደክምበት ራዲዮኑን በቆመበት ያዞረዋል፤ ድምፁ ይጎላል፣ ትንሽ ሲያልፍ ደግሞ ይጠፋል። ምክንያቱ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጥቁር የፌራይት ዘንግ ነው። ዘንጉ በጎኑ ወደ ጣቢያው ሲዞር፣ የተጠመጠመበት ሽቦ ሞገዱን በደንብ ይቀበላል፤ ጫፉ ወደ ጣቢያው ሲያመለክት ግን ዝም ይላል። ድምፁ የሚጎላበት አቅጣጫ ሰፊ ነው፣ የሚጠፋበት ጠባብ። የተደበቀ ማሰራጫ የሚፈልግ ሰው መስመሩን የሚያሰምረው በዚያች ጠባብ ቦታ ነው።

ይህን ጨዋታ ስፖርት ያደረጉት የአማተር ራዲዮ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው የአውሮፓ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1961 በስቶክሆልም፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በ1980 በፖላንድ ተካሂዷል። በተለመደው ውድድር «ቀበሮ» የሚባሉ አምስት ትናንሽ ማሰራጫዎች ጫካ ውስጥ ይደበቃሉ። አምስቱም በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ ተራ በተራ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ሞርስ ይልካሉ፤ የትኛው ቀበሮ እንደሆነ የሚታወቀው በሚልካቸው ነጥቦች ብዛት ነው። ሯጩ ካርታ፣ ኮምፓስና መቀበያ ይዞ በመረጠው ቅደም ተከተል ያድናቸዋል። በሌሊት ሲሆንም ደንቡ ያው ነው፤ የግንባር ባትሪ ይጨመርበታል እንጂ።

በአገራችን የአማተር ራዲዮ ማዕከል አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ያለው ኢ-ቲ-ሦስት-ኤ-ኤ የተባለው የክበብ ጣቢያ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ እኔና ጥቂት ጓደኞቼ የምናደርገው ግን ልምምድ እንጂ ሻምፒዮና የሚባል አይደለም። ሰው ከከተማው በታች ያለውን ትልቁን የምንጮች ጫካ ሲያይ ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ ይመስለዋል። ቦታው ግን የነጭ ሣር ፓርክ ነው፤ በዚያ ላይ የጫሞ ሐይቅ ቀን ውኃ ውስጥ ያዋላቸው ጉማሬዎች ማታ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣሉ። በጉማሬና በውኃው መካከል በማዳመጫ ጆሮውን ሸፍኖ የሚሮጥ ሰው ስፖርተኛ አይባልም። ስለዚህ ቀበሮዎቻችንን የምንደብቀው ከሐይቁ ርቀን፣ ከከተማው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ በባሕር ዛፍና በቁጥቋጦ መካከል ነው።

እዚያም ሰው አለ። አንድ ማታ አንድ አዛውንት ከአጥራቸው ወጥተው አንቴናዬን በባትሪያቸው እያዩ፣ «ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» አሉኝ።

«የጠፋ የለም አባባ፤ ራዲዮ ደብቀን እየፈለግን ነው።»

«ራሳችሁ የደበቃችሁትን?»

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ የደበቀውን አትጠይቀውም?»

መልስ አልነበረኝም። ሳይመሽ ለቀበሌው፣ ለጥበቃዎችና ለአካባቢው ሽማግሌዎች መንገር ከሥራው ዋናው ነው፤ ከዛፍ ዛፍ ሽቦ እየዘረጋ በጨለማ የሚዞር ሰው በየትም አገር ያጠራጥራል።

የሥራው ከባድ ክፍል ሌላ ነው። አንድ ቀበሮ አንድ ደቂቃ ተናግሮ አራት ደቂቃ ዝም ይላል። በዚያች አንድ ደቂቃ መስመሩን መያዝ ጀማሪም በጥቂት ሳምንት የሚለምደው ነው። ጥያቄው መስመሩን በቀሩት አራት ደቂቃዎች ውስጥ ምን ታደርገዋለህ የሚለው ነው። ቀን ከሆነ ቀላል ነው፤ በመስመሩ ላይ ያለ አንድ ረጅም ዛፍ ወይም ቋጥኝ ትመርጥና ወደ እሱ ትሄዳለህ። ሌሊት ያ ዛፍ የለም። ባትሪው የሚያሳይህ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው በአራት ደቂቃ ሁለት መቶ ሜትር ይሄዳል። ቁጥቋጦ ለመዞር ብሎ አሥር ዲግሪ ከዘነበለና ካልተመለሰ፣ ቀበሮው እንደገና ሲናገር ከመስመሩ ሠላሳ አምስት ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ እንደራቀም አያውቅም። አዲሱ መስመር ከአሮጌው ጋር ሲጋጭበት የሚጠረጥረው መቀበያውን ነው። ስህተቱ ግን የእግሩ ነው።

ለዚህ ኮምፓስ አለ፤ እሱም በእኛ አገር የራሱ ጠባይ አለው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በአዲስ አበባ አቅራቢያ ነው፤ እዚህ መርፌዋ ከሞላ ጎደል አግድም ትተኛለች። በሰሜን አውሮፓ ግን ሰሜናዊ ጫፏ ወደ መሬት ስለሚሳብ፣ ለዚያ ገበያ የሚሠራ ኮምፓስ ሚዛኑ በደቡቡ በኩል ይከብዳል። እሱን አርባ ምንጭ ስታመጣው የደቡቡ ጫፍ ወርዶ መደቡን ይነካል፣ መርፌዋም ትያዛለች። ቆመህ ስታነብ ላታስተውለው ትችላለህ፤ እየተራመድክ ግን ትሳሳታለህ። ኮምፓስ የሚገዛ ሰው ለየትኛው የምድር ቀጠና እንደተሠራ ይጠይቅ፤ ካልሆነም እያዘነበለ መርፌዋ በነጻነት የምትዞርበትን ይፈልግ።

የአካባቢውን መብራት ተስፋ ማድረግም አያዋጣም። የከተማው የሴቻ ሰፈር መብራቶች ጥሩ ምልክት ይሆናሉ፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ።

ሌሊት ራዲዮውንም ይለውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀን ላይ ሞገድ የሚውጠው የአዮኖስፌር ታችኛው ንብርብር ይጠፋል፤ ቀበሮዎቻችን በሚልኩበት 3.5 ሜጋኸርትዝ ላይ የሩቅ አገር ጣቢያዎች ይጎርፋሉ። ከሰማይ ተመልሶ የሚመጣ ሞገድ አቅጣጫው ይዋልላል፤ የኛ ቀበሮ ግን ቅርብ ስለሆነና ሞገዱ መሬት ለመሬት ስለሚመጣ መስመሩ አይናወጥም። የሚያስቸግረው መብረቅ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ በጨንቻ ከፍታዎች ላይ ሰማዩ ሲያብለጨልጭ እያንዳንዱ ብልጭታ በጆሮ ማዳመጫው ይጮኻል፤ ቀበሮው የሚጠፋበትን ጠባብ ቦታ በጩኸት ይሞላዋል። ከራዳር አባቶች አንዱ የሆነው ሮበርት ዋትሰን-ዋት እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ሥራውን የጀመረው ይህንኑ የመብረቅ ሞገድ እያዳመጠ ነጎድጓድ የት እንዳለ በመፈለግ ነበር። ለእሱ ሥራው የነበረው ለእኛ ረብሻ ነው። በእንዲህ ያለ ማታ አንድ መስመር አይበቃም፤ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ሦስቴ አራቴ ወስዶ መሀሉን መያዝ ነው።

በ144 ሜጋኸርትዝ ስንለማመድ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሞገዱ አጭር፣ ሁለት ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እርጥብ ቅጠል ያዳክመዋል፤ የስምጥ ሸለቆው ገደል ደግሞ ያንጸባርቀዋል። ከፊትህ ያለ ቀበሮ ከኋላህ ካለው ገደል ሊጣራ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ቦታ መለወጥ ነው። ትክክለኛው መስመር ከሁለት ሦስት ቦታ ሲወሰድ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል፤ የገደሉ ማሚቶ ግን ስትንቀሳቀስ አብሮህ ይሸሻል።

ቀበሮው ከቀረበ በኋላ ድምፁ በሁሉም በኩል ይሞላል። እዚህ ላይ የመቀበያውን አቅም ዝቅ ማድረግ፣ እሱም ካልበቃ በሰውነት መጋረድ ነው። ጀማሪዎች በዚህ ጊዜ ባትሪያቸውን ወዲያና ወዲህ ያወናጭፋሉ፤ ዓይን ሥራውን ከጆሮ ይነጥቃል። ልምድ ያለው ሰው ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

ይህ ችሎታ ከጨዋታም ያልፋል። በባሌ ተራሮች ተመራማሪዎች በቀይ ቀበሮ አንገት ላይ የራዲዮ ማሰሪያ እያሰሩ ሲከታተሉ ኖረዋል፤ የእነሱ ቀበሮ በራሱ እግር ይሄዳል እንጂ፣ መስመር መያዙ ያው ነው። ጣልቃ የሚገባ ማሰራጫ ፈልጎ የሚያገኝ ቴክኒሽያንም እንዲሁ።

ለመማር ለሚመጣ ሰው መቀበያ የምሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ኮምፓስ ይይዛል፤ አቅጣጫ እነግረውና ጨለማ ውስጥ አራት ደቂቃ ይራመዳል። ጓደኛው ከኋላ የት እንደደረሰ ይለካል። መስመሩን ጠብቆ በደረሰ ቀን ራዲዮውን ይወስዳል፤ የቀረውን በአንድ ሳምንት ይማረዋል።