ከስምንተኛው ደረጃ መጀመር

‹‹ሜዲቴሽን››ን ወደ አማርኛ ያመጡ ሰዎች ‹‹ተመስጦ›› አሉት። ቃሉ ያምራል፤ እኔ ግን ከቃሉ ጋር ጠብ አለኝ። በግእዝ ‹‹መሠጠ›› ማለት ነጠቀ ማለት ነው፤ ነጣቂ ተኩላ እንኳ ‹‹መሣጢ›› ይባላል። ስለዚህ ተመስጦ መነጠቅ ነው። ሰው ከብዙ ድካም በኋላ ቢታደል የሚደርስበት እንጂ አንድ ብሎ የሚጀምርበት አይደለም። ዘር መዝራትን ‹‹እንጀራ መብላት›› ብለን ብንጠራው ኖሮ ገበሬው በዘራ ማግሥት ሞሰብ ይዞ ማሳው ላይ በተገኘ ነበር። የኛም ነገር እንዲሁ ሆኗል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ከሆለታ እስከ አምቦ፣ ከአምቦም እስከ ጉደር ባሉት ከተሞች ሱባኤ ይዞ የተመለሰን ሰው የምንጠይቀውን ልብ በሉልኝ። ‹‹ምን ታየህ?›› ነው የምንለው። ‹‹ምን ተውክ?›› የሚል የለም። ሰባት ቀን ቆሎ ቆርጥሞ፣ ውሃ ጠጥቶ ምንም ያልታየው ወጣት አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፤ ‹‹እግዜር አልፈለገኝም›› ብሎ ጸሎቱን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። አንድ ነገር ‹‹የታየው›› ደግሞ ይብሳል፤ በወሩ ጸጉሩን አጎፍሮ፣ መስቀል ጨብጦ መካሪና ገሣጭ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሁለቱም የችኮላ ልጆች ናቸው።

የሚገርመው፣ የገዛ ቤታችን ትምህርት ሌላ ነው የሚለው። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ከሚባሉት መጻሕፍተ መነኮሳት ጋር የሚነሣው የኦርቶዶክስ ትምህርት ዐሥር ማዕረጋትን ይቆጥራል። ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ ናቸው፤ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ። አራቱ የንጽሐ ነፍስ ናቸው፤ አንብዕ፣ ኵነኔ፣ ፍቅርና ሑሰት። የቀሩት ሦስቱ የንጽሐ ልቡና ናቸው። ታዲያ መላእክትን ማየት፣ ንጻሬ መላእክት የሚባለው፣ ስንተኛ ይመስላችኋል? ስምንተኛ! አንደኛው ጽማዌ፣ ማለትም ዝምታ ነው። እኛ አፋችንን ሳንዘጋ ስምንተኛውን እንጠይቃለን። ገዳማትም አዲስ ገቢን በአመክሮ የሚያቆዩት በከንቱ አይደለም፤ ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲፈልጥ መጀመሪያ የሚታየው ጠባዩ እንጂ ራእዩ አይደለም።

ጭቅጭቁ የኛ ብቻም አይደለም። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቲቤት፣ ሳምዬ በሚባል ገዳም፣ ብርሃን በአንድ ጊዜ ይበራል የሚል ቻይናዊ መነኩሴና በደረጃ ይመጣል የሚለው ሕንዳዊው ካማላሺላ እንደተከራከሩ ይነገራል። የቲቤቶች ትውፊት ድሉን ለሕንዳዊው ይሰጣል። ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ፣ ኦዳ ቢሲል ባለበት በምዕራብ ሸዋ፣ የገዳ ሥርዓት ሰውን በየስምንት ዓመቱ እርከን ሲያበስል ኖሯል። ያ የዕድሜና የኃላፊነት መሰላል ነው፤ የጸሎት አይደለም። ቢሆንም ‹‹ሳይበስሉ አይደረስም›› የሚለው ሐሳብ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አለመሆኑን ይመሰክራል።

አሁን ደግሞ ወንጪ አለ። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ያ ሐይቅ በደሴቱ ላይ የቂርቆስን ገዳም ይዟል። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው ‹‹ገበታ ለሀገር›› ከታቀፈ ወዲህ ስሙ ገንኗል። ጎብኚው በጀልባ ይሻገራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ‹‹ውስጤ ሰላም ተሰማው›› ይላል። ደግ ነው፤ አልቃወምም። ብቻ ሰላም መሰማትና ሰላማዊ መሆን ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያውን የጀልባ ኪራይ ያስገኘዋል። ሁለተኛው ግን ሰውየው ጊንጪ ደርሶ ከታክሲ ረዳት ጋር በመልስ ሲጨቃጨቅ ነው የሚፈተነው።

የአምቦ ውሃ እንኳ ይህን ያስተምረናል። ጠርሙሱ ሲከፈት ‹‹ጥሽ›› የሚለውን ሁላችንም እንወደዋለን። ነገር ግን ውሃውን አምቦ ውሃ ያደረገው ድምፁ አይደለም። በድንጋይ ውስጥ ቀስ እያለ ሰርጎ፣ ማዕድኑን ከዓለቱ፣ ጋዙን ከምድር ሆድ እየያዘ መውጣቱ ነው። ‹‹ጥሹ›› ብቻማ ከለስላሳም ይገኛል።

‹‹ይህ መሰላል ለመነኮሳት ነው፤ ልጅ የሚያሳድግ፣ ሱቅ የሚከፍት ሰው ምን ያደርግለታል?›› የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። ደረጃውን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ከማስሸምደድ በቀር ለባለትዳሩ የፈታለት አስተማሪ ብዙ አይደለም። መሰላሉም አንዳንዴ ማስፈራሪያ ይሆናል፤ ‹‹እኔ የት ደርሼ!›› እያለ ከመጀመሪያው እርከን በታች ዕድሜውን የሚጨርስ አለ። ግን ዝምታ መነኩሴ መሆንን አይጠይቅም። ማለዳ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ሩብ ሰዓት ስልክን አጥፍቶ መቀመጥ ጉደር ላይም ይቻላል፤ አዲስ ዓለም ላይም ይቻላል። ለብዙ ወራት ምንም ላይታይ ይችላል። አለመታየቱም ውድቀት አይደለም።

እንግዲህ እኔን ብትሰሙኝ ልምምዱን ‹‹ጽሞና›› እንበለው፤ ‹‹ተመስጦ››ን ለደረሱበት እንተውላቸው። ከሱባኤ የተመለሰውንም ሰው ‹‹ምን ታየህ?›› ማለቱ ይቅርብን። ይልቅ ከዓመት በኋላ ሚስቱን ‹‹እንዴት ነው፣ ቁጣው ቀነሰ?›› ብለን እንጠይቃት።