እሷ ወይስ እርሳቸው? የጠፋች አብራሪ በልቦለድ

አሜሊያ ኤርሃርትና መንገድ መሪዋ ፍሬድ ኑናን ሰኔ 25 ቀን 1929 ዓ.ም. ከኒው ጊኒ ተነሥተው ሃውላንድ ወደምትባል ትንሽ የፓስፊክ ደሴት ሲበሩ ጠፉ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ አንባቢ መላ ምት ጎድሎበት አያውቅም። ባሕር ገቡ፣ ተማረኩ፣ ሰላይ ነበረች ተብሏል። ጄን ሜንደልሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው «አሜሊያ ኤርሃርት ነበርኩ» በተሰኘ አጭር ልቦለድ ይህን ሁሉ ትታ ሌላ መንገድ ያዘች። ሁለቱን ሰው በሌለበት ደሴት ላይ አሳርፋ ኑሯቸውን አስቀጠለች። ይጣላሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ኋላም ይፋቀራሉ።

የመጽሐፉ ጉልበት ከሴራው ይልቅ በተራኪው ላይ ነው። ትረካው አንዴ «እኔ»፣ አንዴ «እሷ» እያለ ይመላለሳል። በጋዜጣ ፎቶግራፍ የምናውቃት፣ ባሏ አሳታሚው ጆርጅ ፑትናም ለሕዝብ ያቀረባት ሴት «እሷ» ናት፤ ከካርታ የወጣችው ግን «እኔ» ማለት ትችላለች። ቢያንስ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፤ እንዲህ ሲነበብ ደግሞ መጥፋቷ እንደ ነፃ መውጣት ይሆናል። ውብ ሐሳብ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን አንድ ነገር ይጎረብጣል።

አሜሊያ ከመጥፋቷ ሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ከካርቱም ተነሥታ ምጽዋ አርፋ ነበር። ከዚያም ወደ አሰብ ወረደች፤ ከአሰብ ተነሥታም ቀይ ባሕርንና ዓረቢያን አልፋ በአንድ በረራ ካራቺ ገባች። ጊዜው ሰኔ 1929 ነው። የካቲት 12 ካለፈ አራት ወር ሊሆነው ነው። በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከተረሸኑ ደግሞ ገና አንድ ወር አልሞላም። አሜሊያ ያረፈችባቸውን ወደቦች የያዘው መንግሥት ከአንድ ዓመት በፊት ከአውሮፕላን ላይ የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብ የነበረው ነው። ሜንደልሰን የታሪክ መጽሐፍ አልጻፈችም፤ ለምን ይህን ተወች ብሎ መክሰስ አይገባም። ሆኖም የልቦለዷ ሚዛን ያለው በደሴቱ ላይ ነው፤ የታለፈው አገር ሁሉ ወደዚያ መሸጋገሪያ ነው። ሰማዩ የማንም ያልሆነ፣ ንጹሕ፣ ለአንዲት ሴት ነፍስ የተተወ ስፍራ ሆኖ ይታያል። በ1929 በእኛ በኩል ሰማዩ እንዲያ አልነበረም።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ላይ አንዲት ወጣት ሴት መብረር ትማር ነበር፤ ሙሉእመቤት እምሩ። አገሪቱ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ካየች (ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.) ገና አሥር ዓመት አልሞላም። ጣሊያን ገባ፣ ትምህርቱ ተቋረጠ። ወ/ሮ ሙሉእመቤት እንደ አሜሊያ ውቅያኖስ ላይ አልጠፉም፤ የጠፉት ከትረካ ነው። ስማቸው ሲነሣ «የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አብራሪ» ከሚል ማዕረግ ጋር ይነሣል፣ በዚያው ዐረፍተ ነገር ያበቃል። እሳቸው ሳይሰበር የቀጠለ የበረራ ሕይወት ቢኖራቸው ኖሮ ምን ይመስል ነበር? ሜንደልሰን ለአሜሊያ ያደረገችውን ለሙሉእመቤት የሚያደርግ የአማርኛ ደራሲ ከየት ይጀምራል?

ከተውላጠ ስም ይጀምራል። ከላይ ባለው አንቀጽ አሜሊያ «ጠፋች» የምትባለዋ ስትሆን ሙሉእመቤት ግን «አልጠፉም» የሚባሉት ናቸው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል አለው፤ ለአማርኛ ደራሲ ግን ይህ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚቆም በር ነው። «እርሳቸው» ያለ ደራሲ የሕይወት ታሪክ ይጽፋል፤ ሐውልት ያቆማል። ሴትዮዋ ሲፈሩ፣ ሲቀኑ፣ በአስተማሪያቸው ሲናደዱ ለማሳየት እጁ ይከብደዋል። «እሷ» ያለ ደግሞ ወደ ውስጧ ይገባል፤ ነገር ግን የአንድን ቤተሰብ እናት፣ የአገርን ቀዳሚ ሴት ያለ ፈቃድ አንቺ እንዳለ ይቆጠርበታል። ይህ ሥጋት ተራ የጨዋነት ጉዳይ አይደለም። የቀደሙ ሴቶቻችንን በማክበር ብዛት ከምናብ ያራቅናቸው ይመስላል።

መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ በጻፈችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» (እ.ኤ.አ. 2019) ይህ በር አልተዘጋባትም። ሒሩት የምትባል የቤት ሠራተኛ እመቤቷን አስቴርን ተከትላ ጦር ሜዳ ትወርዳለች፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛው እኩል «ሺ» ናቸው። አማርኛ ግን አስቴርን ከሒሩት አፍ በ«እርስዎ»፣ ሒሩትን ከአስቴር አፍ በ«አንቺ» ይለያቸው ነበር፤ የሁለቱ ጠብ ግማሹ በግሥ ዝርዝር ብቻ ይነገር ነበር። መዓዛ ፎቶግራፎችን እየገለጠች በመተረኳ ያገኘችውን የአማርኛ ደራሲ በማዕረግ መለዋወጥ ሊያገኘው ይችላል፤ አደባባይ ላይ «እርሳቸው»፣ አውሮፕላኑ ወንበር ላይ «እሷ»፣ ሞተሩ ተነሥቶ ማንም በማይሰማበት ጊዜ ደግሞ «እኔ»።

እንዲህ ያለው ልቦለድ ደሴት አያስፈልገውም። አሜሊያ አሰብ ላይ ነዳጅ እስኪሞላላት ስትጠብቅ፣ አዲስ አበባ ላይ ሙሉእመቤት የጣሊያን አውሮፕላን ድምፅ ሰምታ ቀና ስትል፣ የሞተሩን ዓይነት በጆሮዋ ስትለይ መጀመር ይችላል።