ነጭ በነጭ ላይ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ትንሽ እንደሄደ ግራ ቀኙ ነጭ ይለብሳል። ነጠላው፣ ኩታው፣ ጋቢው፣ የሀበሻ ቀሚሱ ከየሱቁ ደጅ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ሽሮ ሜዳ ነው፤ የጉለሌ ክፍለ ከተማ የሸማ ገበያ። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት መንደሮች፣ አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ወይም ከዚያ ከመጡት የተወለዱ ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው መወርወሪያ ሲወረውሩ ይውላሉ።

ለእነዚህ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች ድረ ገጽ የምትሠራ አንዲት ወጣት ዲዛይነር አለች። ሥራውን ስትጀምር ያስቸገራት ኮዱ አልነበረም። ያስቸገራት ነጩ ነው።

ነጭ ጨርቅ ለካሜራ ፈተና ነው። የስልክ ካሜራ ከፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ድምቀት እንዳለው አድርጎ ይገምታል። የሰው ፊት ወይም መንገድ ሲሆን ግምቱ ብዙም አይስትም። ምስሉን ከዳር እስከ ዳር ነጠላ ሲሞላው ግን ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጠቁረዋል፤ ትናንት ከሸማኔው እጅ የወጣ ሸማ ወር ሙሉ የተለበሰ መስሎ ይወጣል። ነጋዴው ይህን ሲያይ ስልኩ ላይ ባለው ማስተካከያ ድምቀቱን ይጨምራል። አሁን ደግሞ ክሩ ይጠፋል። ድሩ የት፣ ማጉ የት እንደሆነ የማይለይ፣ ኖራ የተቀባ ግድግዳ የመሰለ ነጭ ብቻ ይቀራል። የዲዛይነሯ ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

መፍትሔው ደግሞ ከሶፍትዌር በፊት ይጀምራል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማታርፍበት ግን ሰማዩ የሚታይበት ግቢ ከየትኛውም መብራት ይሻላል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ እያንዳንዱ ክር የራሱን ትንሽ ጥላ ይጥላል፣ ሽመናውም ይነበባል። የስልኩ ፍላሽ ከፊት ሲያበራ ያ ሁሉ ጥላ ይጠፋል። ከጀርባ ያለውም ነገር ወሳኝ ነው። ነጭ ሸማ ነጭ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ጠርዙ አይታይም፤ ጭቃ ግድግዳ፣ ያረጀ ሳንቃ ወይም ግራጫ ብርድ ልብስ ይበልጥ ያወጣዋል። ገጹ ላይም እንደዚያው ነው። የድረ ገጹ መደብ ፍጹም ነጭ ከሆነ የነጠላው ዳር ከገጹ ጋር ይቀላቀላል፤ ጥቂት ግራጫ ወይም የአፈር ቀለም ጠብ ሲደረግበት ሸማው ራሱን ችሎ ይቆማል።

ይህን የተማረችው ስታ ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራ ስለበዛባት የአንድ አዛውንት ሸማኔን ነጠላዎች እዚያው ገበያው ውስጥ፣ ፀሐይ ለመከላከል በተዘረጋ ሰማያዊ ሸራ ስር አነሳቻቸው። ምስሎቹ ጥርት ያሉ ነበሩ። ገጹ ተሠርቶ ሲያልቅ ስልኳን አቀበለቻቸው።

«ይኸው ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ።»

ስልኩን አራቅ አድርገው ያዙት፤ ከዚያ መልሰው አቀረቡት።

«ልጄ፣ ይሄ የእኔ አይደለም።»

«የእርስዎ ነው እንጂ ጋሼ። እኔው ራሴ አንስቼው!»

«እኔ የጣልኩት ጥለት ቀይ ነው። ይሄ ወይን ጠጅ ሆኗል። ነጩም ነጭ አይደለም፣ ሰማይ ሰማይ ይላል።»

እውነታቸውን ነበር። በሸራው ያለፈው ብርሃን ሸማውን ሰማያዊ ነክሮት፣ ቀዩን ወደ ወይን ጠጅ ወስዶታል። የእሷ ዓይን ሸራው ስር ቆይቶ ስለለመደው አላስተዋለችም። አርባ ዓመት ከቀይ ክር ጋር የኖረ ሰው ግን አይሸወድም። ምስሎቹን ሁሉ ጣለችና በማግስቱ ጠዋት ሸማዎቹን ግቢያቸው ድረስ ወስዳ እንደገና አነሳች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ ሸማ ጋር የመጀመሪያውን ምስል የምታነሳው ጥግ ላይ ግራጫ ካርድ አስቀምጣ ነው። ምስሉን ጊምፕ ላይ ትከፍትና ሌቭልስ በሚባለው መሣሪያ ግራጫውን ነጥብ ካርዱ ላይ ትጠቁማለች፤ ፕሮግራሙ «ይህ ቀለም የለሽ ግራጫ ነው» ተብሎ ሲነገረው የቀረውን ሁሉ ከእሱ አንጻር ያስተካክላል። ያንኑ ማስተካከያ በዚያው ብርሃን በተነሱት ምስሎች ላይ ትደግመዋለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሸማውን ራሱን ነጭ ነጥብ አድርጎ በመጠቆም ነው። ሸማ ደግሞ ፍጹም ነጭ አይደለም። ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ማጉ በሴቶች እጅ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ሲሆን ወደ ወተት ያደላል። ሸማውን «ነጭ ነህ» ብሎ ማስገደድ ያንን የወተት መልክ መግፈፍ ነው። የጽሕፈት ወረቀትም አያስተማምንም፤ ነጭ እንዲመስል የሚጨመርበት ኬሚካል ብዙ ጊዜ ሰማያዊነት ይሰጠዋል።

ጊምፕ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጀመሩት፤ ከዚያ ወዲህ በበጎ ፈቃደኞች እጅ እያደገ ሦስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2025 ወጥቷል። የሙያው ዋና ስም የሆነው ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ የሚገዛ ዕቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ግን አዳዲሶቹ የሚገኙት በኪራይ ሆኗል። ኪራዩ በዶላር ነው፤ የሚከፈለውም በየወሩ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ያው ዶላር በብር ሲመነዘር እጅግ ከብዷል፤ ዶላሩን ለመክፈል የሚያስችል ካርድ ማግኘቱም ለብቻው ሥራ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው «ክራክ» የተባለውን የተሰረቀ ቅጂ ከጓደኛ ፍላሽ ይቀዳል። ከፍላሹ ጋር ቫይረስም ይመጣል፤ የደንበኛ ምስል አብሮ የጠፋበት ባለሙያ ጥቂት አይደለም። ዲዛይነሯ በዚህ ላይ አቋሟ የጠራ ነው። ሸማኔው ጥለቱን የሰረቀ ሰው ሲገጥመው እንዴት እንደሚያንገበግበው እያየች፣ የሌላውን ልፋት ሰርቃ ልትሠራለት አትፈልግም።

አለመስረቁ ሥራዋን አላጎደለባትም። የሸማ ምስል የሚጠይቀው አምስት ነገር ነው፤ መቁረጥ፣ ማቅናት፣ ቀለም ማስተካከል፣ መጠን መቀነስ፣ በመጨረሻ ጠርዙን ጥቂት ማጥራት። ጊምፕ አምስቱንም ይሠራል። ኮምፒውተር ላይ ምንም መጫን የማይፈቀድበት ቦታ ስትሆን ፎቶፒያን ትከፍታለች። ኢቫን ኩትስኪር የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው፣ በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ የፎቶሾፕን ፋይል ይከፍታል፣ ምስሉን የሚያቀናብረውም እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ የኢንተርኔት ጥቅል ብዙም አይበላም። ለሱቁ ምልክትና ለጽሑፍ ሥራ ኢንክስኬፕ አለ፤ እሱም በነፃ ነው።

የማጥራቱ ነገር አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥለት ጥቃቅን መስመሮች የተደረደሩበት ስለሆነ ትልቅ ምስል በአንድ ጊዜ ሲያንስ መስመሮቹ ተጋጭተው እዚያ ያልነበረ ማዕበል የመሰለ ቅርጽ ያወጣሉ። ያንን ያየ ገዢ ሸማው የተጨማደደ ይመስለዋል። እሷ መጠኑን በጥሩ ስልት ታሳንሳለች፣ ማጥራቱን ከዚያ በኋላ ታመጣለች፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማዕበሉ ይብሳል።

ከቀለሙ ቀጥሎ የሚመጣው ክብደት ነው። ተራ ስልክ የሚያነሳው ምስል ወደ 4000 በ3000 ፒክሰል ይደርሳል፤ 12 ሚሊዮን ፒክሰል ማለት ነው፣ በፋይል ሲለካም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት። አሥር እንዲህ ያለ ምስል እንዳለ ገጽ ላይ ሲጫን 40 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ገጹን በጥቅል የሚከፍት ሰው ሸማውን ሳያይ ይዘጋዋል። ምስሉን ወደ 1200 በ900 ማውረድ ፒክሰሉን ወደ አንድ አሥራ አንደኛ ይቀንሰዋል፤ በጄፔግ ጥራቱን 75 ወይም 80 ላይ አድርጎ ማስቀመጥ ደግሞ ፋይሉን ብዙውን ጊዜ ከ250 ኪሎባይት በታች ያወርደዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቀው ዌብፒ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ስልክ ላይ ሲታይ ልዩነቱን የሚለይ ዓይን የለም። ገጹ አናት ላይ እየተገለባበጡ የሚያልፉትን ትልልቅ ምስሎች ግን ነጋዴው ይወዳቸዋል፤ እሷም ሁልጊዜ ትከራከራለች። ሦስት ምስል ተጭኖ አንዱ ብቻ ይታያል፤ ሁለተኛውን የሚጠብቅ ገዢ አይታ አታውቅም። በምትካቸው ገጹ እንደተከፈተ አንድ ሸማ፣ ዋጋው፣ ልኩና ሲነካ የሚደውል ስልክ ቁጥር ይታያል።

ልኩ የራሱ ታሪክ አለው። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ በክንድ ይለካል፤ ክንድ ግን እንደ ባለክንዱ ነው። ዋሽንግተን ያለች ገዢ «አራት ክንድ» የሚለውን አንብባ ከልቧ ጋር ትማከራለች እንጂ ልኩን አታውቀውም። ክንዱ ይቀመጥ፣ ከጎኑ ግን በሜትር ተለክቶ ሴንቲሜትሩ ይጻፍ።

ፊደሉም እንደ ሸማው እንክብካቤ ይሻል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የየራሳቸው አሠራር ባላቸው ፊደሎች ነበር የሚጻፈው፤ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። የጊዜው ዲዛይነር መላ አማርኛውን ምስል አድርጎ መለጠፍ ነበር። ምክንያቱ ካለፈ ቆየ፤ ልማዱ ግን አልለቀቀም። ዛሬም ዋጋና ስልክ ቁጥር ምስል ላይ ተጽፎ ይለጠፋል። ምስል ላይ ያለ ቃል በፍለጋ በቀላሉ አይገኝም፣ በቀላሉ ኮፒ አይደረግም፣ ማየት ለተሳነው ሰውም ስልኩ በቀላሉ አያነብለትም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነፃ የሚገኙ ፊደሎች ናቸው። የግዕዝ ፊደል በትንሽ ቦታ ብዙ ቅርጽ ስለሚይዝ ለላቲን የሚበቃው 16 ፒክሰል ለአማርኛ ያንሳል፤ እሷ 18 ትሰጠዋለች፣ በመስመሮቹም መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት። የማዘንበል ስልት የእኛ ፊደል የለውም፣ ስለዚህ አታዘነብለውም። በጽሑፉና በመደቡ መካከል የሚኖረው የድምቀት ልዩነት ደግሞ ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ እንደሚለው ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት፤ መነበቡንም ስልኳን ይዛ ቀትር ላይ መንገድ ዳር ወጥታ ታረጋግጣለች።

በቅርብ ዓመታት ሽሮ ሜዳን የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው። ጥለት የታተመበት፣ ከውጭ የሚገባ የፋብሪካ ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። ምስል ላይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ጀርባቸው ነው። የታተመው ሲገለበጥ ይደበዝዛል ወይም ባዶ ይሆናል፤ በእጅ የተጣለ ጥለት ግን ክሩ ከጨርቁ ጋር ተሸምኖ ስለሚያልፍ ከጀርባም ይታያል። ስለዚህ በእሷ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ሸማ ሦስት ምስል አለው፤ ሙሉው፣ ጥለቱ በቅርብ፣ ሦስተኛው ጀርባው። ጀርባውን ማሳየት የማይፈልግ ነጋዴ ሲያጋጥማት ሥራውን አትቀበልም።

አንድ ጊዜ ግን እጇ አልታዘዝ አላት። የእኒያን አዛውንት ነጠላ ጀርባ ስታስተካክል መሃሉ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አየች። ጊምፕ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነጥብ ከጎኑ ባለው ጨርቅ የሚሸፍን መሣሪያ አለ፤ ሁለት ጊዜ ጠቅ ስታደርግ ቋጠሮው የለም። ምስሉን ስታሳያቸው ጣታቸውን እዚያው ቦታ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋር ቋጠሮ ነበረ።»

«አዎ ጋሼ፣ እንዲያምር ብዬ አጠፋሁት።»

«ሸማው ሲደርሳት የምትገዛው ሴትዮ ታገኘዋለች'ኮ። ምን ልትል ነው? መልሺው። ድሩ ተበጥሶ የተቋጠረ ነው ብለሽም ጻፊበት።»

ያልነካችውን ፋይል ከፈተች፣ ቀለሙን ብቻ አስተካክላ መጠኑን ቀነሰች፣ ከምስሉ በታችም ያሉትን ቃል በቃል አስገባች። ፋይሉ 140 ኪሎባይት ወጣ፤ ቋጠሮው በሁለት ጣት ሲሰፋ ጥርት ብሎ ይታያል።