ሙቀቱ እውነት ነው፤ ፈውሱስ?

በቻይና ባህላዊ ሕክምና ሞክሲበስሽን የሚባል ዘዴ አለ። የአሪቲ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ደርቆ ይወቀጣል፤ ተጠቅልሎ ይለኮስና ቆዳ አጠገብ ይያዛል። ቆዳው መሞቁ አያከራክርም። ግን የትንሿን የእግር ጣት ማሞቅ ማህፀን ውስጥ በመቀመጫው የተቀመጠን ጽንስ ያዞራል ሲባልስ? እንዲህ ያለ ጽንስ ወሊዱን አደገኛ ስለሚያደርገው ጥያቄው ቀላል አይደለም።

በ1998 እ.ኤ.አ. በቻይና በ260 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። እስከ 35ኛው ሳምንት ከተሞቁት የ75 በመቶው ጽንስ ዞረ፤ ካልተሞቁት ደግሞ የ48 በመቶው። ልብ በሉ፦ ግማሽ ያህሉ ያለ ምንም ሙቀት ዞሯል። ስለዚህ “ለእኔ ሠርቶልኛል” የሚል ምስክርነት ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

ንጽጽሩም ጎደሎ ነው። ማሽን ላይ ሦስት ነገር በአንዴ ቀይራችሁ ቢሠራ፣ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም። እዚህም ሙቀቱ ይሁን፣ ቦታው ይሁን፣ እንክብካቤው ይሁን አይለይም።

በ2005 የታተመው የጣሊያን ጥናት 34 በመቶ ለ36 ወጣ፤ ሕክምናውን ያቋረጡ ስለበዙ ግን ሳያልቅ ቆሟል። በ2013 የታተመው የስፔን ጥናት ለማነጻጸሪያ ትልቁን ጣት አሞቀ፦ 58 በመቶ ለ43። ክርክሩን አይዘጋውም፤ ጥያቄውን ግን በደንብ ጠይቋል።

“ይሠራል” ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ፣ ቶሎም አትሳቁ። “ከምን ጋር ሲነጻጸር?” በሉ።