ዝናቡ ክፍሉን ሲሠራው

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታውቃላችሁ? ጣሪያው የት እንደሚያልቅ፣ ባልዲው ግቢው ውስጥ የት እንደተቀመጠ በጆሮ ብቻ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ኖትስ ኦን ብላይንድነስ፦ ኢንቱ ዳርክነስ» የተባለው የቨርቹዋል ሪያሊቲ ሥራ የቆመው በዚህችው ነገር ላይ ነው።

ባለታሪኩ ጆን ሃል እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ምሁር ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ጨለማው ብቸኝነትንም ይዞ መጣ፤ ለማያይ ሰው፣ አጠገቡ ያለ ሰው ዝም ካለ የሌለ ያህል ነው። በ1983 ሃል የሚሰማቸውን በካሴት መቅዳት ጀመሩ። እዚህ ሥራ ውስጥ የምትሰሙት ያንኑ የራሳቸውን ድምፅ ነው።

መነጽሩን ስታደርጉ የሚቀበላችሁ ጨለማ ነው። ከዚያ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ተሰባስበው ሰው ይሠራሉ። ኮቴው ሲርቅ ሰውየውም ይጠፋል።

እንዴት ነው ጆሯችን የሚያምነው? ከግራ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሯችሁ ጋ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። መዘግየቱ የሰከንድ አንድ ሺኛ እንኳን አይሞላም። ጭንቅላታችሁም ስለሚጋርደው ደከም ብሎ ነው የሚደርሰው። አንጎል አቅጣጫውን የሚያሰላው በዋናነት ከእነዚህ ሁለት ልዩነቶች ነው። አዘጋጆቹ ይህንኑ ስላስመሰሉት፣ አንገታችሁን ብታዞሩም ድምፁ ቦታውን አይለቅም።

ለእኔ ምርጡ የዝናቡ ክፍል ነው። ሃል ዝናብ ቤት ውስጥም በዘነበ ብለው ይመኛሉ። ይዘንባልም! ጠብታው ያረፈበት ዕቃ ሁሉ የራሱን ድምፅ ያወጣል፣ ክፍሉም ቀስ በቀስ ቅርጽ ይይዛል። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ፦ ብቸኛ ሰው ሁልጊዜ የሚፈልገው ሰው ብቻ አይደለም፤ ዓለም እንዳልራቀው የሚነግረው ነገርም ይፈልጋል።

ቅሬታ ግን አለኝ። ሰማያዊው ብርሃን ከመጠን በላይ ያምራል። ሥራው ስለ መስማት እያወራ ዓይናችንን ያባብላል፤ ጨለማውን ትንሽ ረዘም አድርጎ ቢተወን ምን ነበረበት? ደግሞም እኛ ሲበቃን መነጽሩን እናወልቃለን። ሃል የሚያወልቁት ነገር አልነበራቸውም።

ስለዚህ ይህ መነጽር የብቸኝነት መድኃኒት ነው አልላችሁም። ሃልን ወደ እኛ ያደረሳቸው እንኳ ካሴቱ ነው። ማንም በሌለበት የሆኑትን አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ እናንተ ጆሮ ላይ ደረሰ። ብቸኝነቱ ሲከብዳችሁ ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃ አለ። የሚሰማችሁን ተናገሩና ለምታምኑት አንድ ሰው ላኩለት።